የምስጋናው ገጽ

ሐዋሳ፤ ከዋናው ግቢ በር፣ ከባጃጅ ተራው ጎን፣
አንዲት ቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ማባዣ መኪን።
ስሜ አሰገደች ነው፤ ተማሪው ሁሉ ግን
“እትዬ አሳንሺ” ብሎ ጠራኝ እኔን።

ፈተና ሲቃረብ ገበያዬ ይደራል፤
ሌክቸሩ በሙሉ ክብሪት ቀፎ ያህላል፤
አምሳ በመቶ ቀንሶ፣ እንደገና አምሳ በመቶ፣
እንደ ጉንዳን መንጋ ፊደል ተጠጋግቶ፣
እጅጌ ውስጥ ገብቶ፣ ካልሲ ውስጥ ተኝቶ፣
ይሄዳል አዳራሽ፤
እሱ ሁሉን አውቆ፣ ጌታው ባዶ ቀርቶ።

አጤሬራ ነው ስሙ። እኔስ ምን አገባኝ፤
ገጹን በአምስት ብር፤ የቤት ኪራይ አለብኝ።

ያንኑ ሳምንት ደግሞ ግቢው ደንብ ይልካል፣
ለአዲስ ገቢ ሁሉ ይባዛ ይባላል።
እዚያው መስታወት ላይ፣ እዚያው ብርሃን ሥር፣
ገልብጬ አባዛለሁ የቅጣቱን ዝርዝር፦
ለኮራጅ፣ ለአስኮራጅ፣ በሰው ስም ለተቀመጠ፣
የሌላውን ድካም የራሴ ብሎ ለሰጠ።
አንቀጹ ብዙ ነው። ጣቴን እያራስሁ
ገጽ በገጽ ገልጬ አንድ ቀን ፈለግሁ፤
ፊደል ለምታሳንስ፣ ለቆርቆሮ ቤት ሴት
አንዲት መስመር የለም።
ደስ አለኝ፣ በእውነት።

ላሚሶ የመጣው ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው፣
ከሐይቁ የተነሣ ዝናብ እየመታው፤
ፍላሹን ከኪሱ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ፣
“ሦስት ቅጂ ጠርዢልኝ” አለኝ ተቻኩሎ።
ሽፋኑ ላይ ስሙ፣ ቁጥሩ፣ ትምህርት ክፍሉ፤
የመመረቂያ ጽሑፍ፤ ደህና ነው በሙሉ።
ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን፣ ምስጋና ተብሎ፣
አንድ መስመር አየሁ ትኩስ ቀለም አዝሎ፦
“ጠላ ሸጠሽ ላሳደግሽኝ፣ ለስንዱ፣ ለእናቴ፣
ይድረስሽ ይህ ሥራ፣ ምስጋና ከአንጀቴ።”

እናቱን አውቃለሁ። አምና ከበንሳ መጥታ፣
ቆጮ በኮባ ጠቅልላ፣ ግቢው ቢዘጋባት ማታ፣
እኔው ዘንድ አድራለች ካርቶን ላይ ተኝታ።
ዱካሜ ነው ስሟ። ጠላ ጠምቃ አታውቅ፤
አራት ዓመት ሙሉ የኖረች ስትጠብቅ።

ጠረዝሁለት ሦስቱን። ገንዘቤን ቆጠርሁ።
ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ የነበረውን ዋጥሁ።
አባ ኮዳዎቹ ጣሪያዬ ላይ ቆመው፣
እንደ ፈታኝ መምህር ክንፍ ከኋላ አጣምረው፣
ዝም ብለው አዩኝ።

ከመምህራኑ ፊት፣ ጥናቱን ሲከላከል፣
አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት አሉ ከመሐል፤
ስለ ቁጥሩ አይደለም፣ ስለ ዘዴውም አይደለ፤
“ስንዱ ማን ናት?” አሉት።
ላሚሶ ዝም አለ።
ሦስት ቀን አሞራ ገደል፣ አሣ በሚገፈፍበት፣
ጀልባ ሲቆጥር ነበር ይላሉ ያዩት።

ከኮሚቴው በኋላ፣ አንድ ዓመት ታግዶ፣
መጣ ከሱቄ ደጅ፣ በቆመበት ከብዶ።
አልተቆጣኝም። እኔም አላጽናናሁት።
“ደብዳቤ ጻፊልኝ” ሲል ወንበር ሰጠሁት።

“ክሱ እውነት ነው በይ። ሳላነብ ነው የገዛሁ።
አራት ሺህ ብር፣ እናቴ የላከችውን፣ ሁሉን ሰጠሁ።
ይግባኝ አይደለም ይህ። ምሕረትም አልጠይቅ።
አንድ ነገር ብቻ መዝገቡ ላይ ይታወቅ፤
ከስሜ ሥር ጻፊ፣ አንድ ፊደል እንዳትረሺ፣
‘የዱካሜ ልጅ’ ብለሽ፤
አደራ፣ አታሳንሺ።”

ጻፍሁት በትልቁ። ገንዘብ አልተቀበልሁ፤
በዚያች በአምስት ብር ራሴን አታለልሁ።
ሁለት ጊዜ አነበበው። አጥፎ ከደረት ኪስ
ከተተና ወጣ፣ ሊይዝ የበንሳ አውቶቡስ።

መሸ። ነገ ፈተና። ኪራዩም ሐሙስ ይደርሳል።
የማባዣው መብራት አረንጓዴ ሆኗል።
በቆርቆሮው በር ላይ አንድ ጣት ያንኳኳል፦
“እትዬ አሳንሺ! ምዕራፍ ስድስትን ብቻ!”

እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነው።
እስካሁን አልከፈትሁም።